«ደሟ አልረጋ አለ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ስልኬ ጠራ። አጎቴ ነው፣ ከድሬዳዋ፣ ከመልካ ጀብዱ። ምራቱ ወልዳ ደም አልቆም ብሏታል። ከቤተሰቡ ሦስት ሰው ደም ሰጥቷል። ሐኪሙ ደግሞ ሌላ ነገር ጠይቋል።

«አቦ፣ ደም አሉን፣ ሰጠን። አሁን ከደም ባንክ ፕላዝማ ይምጣ ይላሉ። ደሙ ምን ሆኖ ነው? አልረጋ አለ ማለትስ ምንድነው?»

በዚያ ሰዓት በቅጡ ላስረዳው አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ፕላዝማ ሲባል የኔ ዕድሜ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ሃይስኩል ክፍል ግድግዳ ላይ የነበረው ቴሌቪዥን ነው። ልጅቷ ተርፋለች፣ ልባችሁን አላንጠልጥለው። ያን ሌሊት ለአጎቴ መመለስ ያቃተኝን ግን ከዚያ ወዲህ አዋላጆችን እየጠየቅሁ፣ እያነበብኩም ተማርኩት። እነሆ።

ደም ሲረጋ ምን ይሆናል?

መርጋትን ከወተት እናውቀዋለን። ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል። ልዩነቱ፣ ወተት ሲረጋ ዕቃው ውስጥ ያለው በሙሉ ይረጋል። ደም ግን መርጋት ያለበት የተቀደደው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሌላው መፍሰሱን መቀጠል አለበት።

የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ቀሪውን አያጣውም። ጭቃ ብቻውን ከተመረገ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ይረግፋል። ስለዚህ ጭድ ይገባበታል። ጭዱ ጭቃውን አንድ ላይ ይይዘዋል።

በደማችን ውስጥ ጭቃው ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የሕዋስ ቁራጮች ናቸው። የደም ሥር ሲቀደድ ሮጠው ይለጠፉበታል። ጭዱ ደግሞ ፋይብሪን የሚባል ክር ነው። ክሩ ተዘጋጅቶ አይቀመጥም። ጉበታችን ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፣ እሱ በደም ውስጥ ሟሙቶ ይዞራል፣ መቀደድ ሲያጋጥም ወደ ክር ይለወጣል። ይህ ለውጥ እንዲካሄድ ተራ በተራ የሚቀሰቀሱ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ። ሐኪሞች «ፋክተር» ይሏቸዋል፣ በቁጥርም ይጠሯቸዋል። አንድ በአንድ መቁጠሩን ለሕክምና ተማሪዎች እንተውላቸው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቁስሉ ሲድን ልጥፉ መነሳት አለበት። ስለዚህ ሰውነት የረጋውን ደም መልሶ የሚያሟሟ ነገርም አለው፣ ፕላዝሚን ይባላል። በጭቃ ቤታችን ውስጥ ጭዱን የሚበላ ምስጥ እንበለው። ይህን ምስጥ ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

ነፍሰ ጡር ስትሆን ደሟ ይለወጣል?

አዎ፣ ይለወጣል። ሰውነት ለወሊድ ቀን ስንቅ ይቋጥራል ማለት ይቻላል። የደሟ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፋይብሪኖጅኗም ከፍ ይላል። ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት በአንድ ሊትር ደም ከ2 እስከ 4 ግራም የሚሆነው፣ በእርግዝና መጨረሻ ከ4 እስከ 6 ግራም ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ያለምክንያት አይደለም። ዘጠነኛው ወር ላይ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም በደቂቃ ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ነው። በትንሹ አንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በየደቂቃው ማለት ነው። እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ እነዚያ ሁሉ የደም ሥሮች አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ።

ታዲያ እናቶች ሁሉ ለምን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደማቸው አያልቅም? ማህፀን ጡንቻ ስለሆነ ነው። ሕፃኑና እንግዴ ልጁ ሲወጡ ጭምድድ ይላል። የጡንቻው ክሮች የደም ሥሮቹን በመካከላቸው አንቀው ይይዟቸዋል። የመጀመሪያው ግድብ ይህ ነው። መርጋት የሚመጣው ሁለተኛ ሆኖ፣ የታነቀውን በደንብ ለመድፈን ነው።

ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ደም ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደሙ አለመርጋት አይደለም። ከ10 ጊዜ 7ቱ ያህል ምክንያቱ ማህፀኑ አለመጨማደዱ ነው። ሌላው የማህፀን በር ወይም የብልት መቀደድ ነው። እንግዴ ልጁ ወይም ቁራጩ ውስጥ ሲቀርም ይፈስሳል። የመርጋት ችግር አራተኛው ነው፣ ቁጥሩም ትንሽ ነው። ሐኪሞች የሚፈሩት ግን ሦስቱም በጊዜ ካልታከሙ መጨረሻቸው እዚህ አራተኛው ላይ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ደሙ ለምን አልረጋ ይላል?

በአንድ ቃል፣ ዕቃው ስለሚያልቅ። የሚያልቅበት መንገድ ግን ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ደም ሲፈስ ጭቃውም ጭዱም አብሮ ይፈስሳል። በፈሰሰው ፈንታ ግሉኮስ ይሰቀላል። (በየሰፈሩ ግሉኮስ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ጨው ያለበት ውሃ ነው፣ ግን ስሙ ጸንቶበታል።) ያ ፈሳሽ የደም ግፊቷን ይይዛል፣ ሕይወት ያቆያል። በውስጡ ግን ፕሌትሌትም ፋይብሪኖጅንም የለም። ቡና ስንጠጣ እንደምናየው ነው። አቦሉ ላይ ውሃ ሲጨመር ቶና፣ እንደገና ሲጨመር በረካ። ጀበናው ሙሉ ነው፣ ቡናው ግን የለም። አሮጊቶች «ደሟ ውሃ ሆነ» ሲሉ እንደ ዘበት ይታለፋል እንጂ፣ ያዩትን በትክክል ነው የሚናገሩት።

በዚህ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎድለው ጭዱ፣ ፋይብሪኖጅን ነው። በሊትር ከ2 ግራም በታች ከወረደ ደም መፍሰሱ ወደ ከባድ ደረጃ እየሄደ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ 2 ግራም ለሌላ ሰው የተለመደ መጠን ነው። ለወላድ ግን ማንቂያ ደወል ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ሐኪሞች «ዲአይሲ» ይሉታል። የድሬ ሰው እንዲረዳው በደቻቱ ወንዝ ልናገር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ያደረሰውን ከተማው አይረሳውም። እንግዲህ ጎርፍ ይመጣል ተብሎ የአሸዋ ከረጢት ተዘጋጅቷል እንበል። አንድ ሰው ግን በየሰፈሩ «ጎርፍ መጣ!» እያለ ይጮኻል። ከዚራ ይደረድራል፣ መጋላ ይደረድራል፣ ውሃ ያልነካው ሳቢያን ሳይቀር ይደረድራል። መንገዱ ሁሉ በከረጢት ተዘጋ። ወንዙ በእውነት የሰበረው ቦታ ላይ ሲደረስ አንድ ከረጢት አልተረፈም።

ዲአይሲ ይህ ነው። ደሙ በየትንንሹ የደም ሥር ውስጥ ያለቦታው ይረጋል፣ ኩላሊትና ሌላውንም አካል ያንቃል። ዕቃው እዚያ ስለሚያልቅ ማህፀኑ ላይ ደም ያለማቋረጥ ይፈስሳል። በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ደም መርጋትም አለመርጋትም። መጀመሪያ ሲነግሩኝ እኔም አልገባኝም ነበር።

በሐሰት የሚጮኸው ማነው?

ብዙ ጊዜ እንግዴ ልጁ ነው። ከወሊድ በፊት ያለጊዜው ከማህፀን ግድግዳ ሲላቀቅ ደም የሚያረጋ ነገር ከእሱ ወደ እናቲቱ ደም ይገባል። ይህ የእንግዴ ልጅ መላቀቅ ከ100 እርግዝና በ1 ገደማ ያጋጥማል። ተንኮለኛነቱ ደሙ ወደ ውጭ ላይወጣ መቻሉ ላይ ነው። ከእንግዴ ልጁ ጀርባ ይጠራቀማል። ከውጭ የሚታየው ጥቂት ነጠብጣብ ነው፣ ሆዷ ግን እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ሕመሙም እንደ ምጥ ፋታ አይሰጥም።

ከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ሌላው ነው። አንዳንዴ ጉበትን ይጎዳል፣ ፕሌትሌትን ያወርዳል፣ ቀይ የደም ሕዋስን ይሰባብራል። በደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽንም አለ። ጽንሱ ሆድ ውስጥ ሞቶ ለሳምንታት ከቆየም ፋይብሪኖጅን ቀስ በቀስ ሊያልቅ ይችላል፣ «በራሱ ይወርዳል» ብሎ ቤት መጠበቅ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የእንሽርት ውሃ ወደ እናቲቱ ደም ሲገባ የሚመጣውም አለ። እሱ እጅግ ብርቅ ነው፣ ሲመጣ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ለድሬ ደግሞ የራሷ ጉዳይ አላት። ዴንጊ በ2006 ዓ.ም. ከተማውን ካመሰ ወዲህ እንግዳ አይደለም። ዴንጊ ፕሌትሌት ያወርዳል፣ ወባም እንዲሁ። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ትኩሳት ይዟት ምጥ ከመጣባት ትኩሳቱ መነገር አለበት፣ «ሙቀቱ ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ለእንዲህ ያለው ትኩሳት አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥም ጥሩ አይደለም፣ የፕሌትሌትን ሥራ ያዳክማሉ። (ሐኪም ለደም ግፊት መከላከያ በትንሽ መጠን አስፕሪን ያዘዘላት ሴት ግን በራሷ አታቋርጥ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ትኩሳት ካለባት ሐኪሟን ትጠይቅ።)

ደሙ እንደማይረጋ እንዴት ይታወቃል?

መጀመሪያ በዓይን። ከማህፀን የሚወጣው ደም እንደ ጉበት ቁራጭ ከረጋ ጥሩ ነው። ወለል ላይ ፈስሶም ቀጭን ሆኖ ከቀረ ያሰጋል። መርፌ የተወጋችበት ቦታ ያዠል። ድዷ ይደማል። ሽንቷ ይቀላል። የተሰፋው ቁስል በየስፌቱ መካከል ደም ያወጣል።

ቀጥሎ አንድ የድሮ፣ ርካሽ፣ ግን ብልህ ምርመራ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይጠቅሰዋል። 2 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ከክንዷ ይቀዳና ምንም መድኃኒት በሌለበት፣ ንጹሕና ደረቅ በሆነ ትንሽ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይገባል። አዋላጇ ቱቦውን በጭብጧ ይዛ ታሞቀዋለች። ከ4 ደቂቃ በኋላ በቀስታ ዘንበል አድርጋ ታያለች። ከዚያ በየደቂቃው። ደሙ ረግቶ ቱቦው ተገልብጦ ካልፈሰሰ መልካም። 7 ደቂቃ አልፎ ካልረጋ፣ ወይም ረግቶ በቀላሉ ከፈራረሰ፣ ችግር አለ። መብራት ቢጠፋ፣ ላብራቶሪ ቢዘጋ፣ ይህ ምርመራ ይሠራል። አንዲት አዋላጅ ስትነግረኝ «ሰዓት ያለው ሞባይልና እጅ ነው የሚፈልገው» አለችኝ።

ከዚያ በላይ ላብራቶሪ የፕሌትሌትን ቁጥር ይቆጥራል። የተለመደው በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ150,000 በላይ ነው። ደሙ ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ ይለካል፣ ከተቻለ ፋይብሪኖጅንንም። ግን ውጤቱ እስኪመጣ ሕክምናው አይቆምም፣ መቆምም የለበትም።

ሐኪሞቹ ምን ያደርጋሉ?

ከውጭ ለሚያይ ሰው ግርግር ይመስላል። አንዱ ሆዷን ያሻል፣ አንዱ መርፌ ይወጋል፣ አንዱ ደም ለማስመጣት ይሮጣል። ሁሉም የሚሠራው ግን የምንጩን በር ለመዝጋትና ያለቀውን ዕቃ ለመተካት ነው።

በሩ ካልተዘጋ ዕቃ ማምጣት ከንቱ ነው። ስለዚህ ማህፀኑ ይታሻል፣ የሚያጨማድደው መድኃኒት ኦክሲቶሲን ይሰጣል፣ የቀረ እንግዴ ልጅ ይወጣል፣ የተቀደደ ይሰፋል። ምክንያቱ የእንግዴ ልጅ መላቀቅ ከሆነ ሕፃኑ መወለድ አለበት። ሐሰተኛው ጩኸት የሚያቆመው ማህፀኑ ባዶ ሲሆን ነውና። ሁሉ እንቢ ካለ ኦፕራሲዮን አለ፣ የመጨረሻው ማህፀንን ማውጣት ነው። ቤተሰብ ያን ሲሰማ የሚደነግጠውን አይቻለሁ። ግን ፊርማ ለመፈረም ሽማግሌ እስኪሰበሰብ የሚያልፈው ሰዓት ከኦፕራሲዮኑ በላይ ይገድላል።

አሁን ያን ምስጥ እንጥራው። ከባድ ደም መፍሰስ ሲጀምር ምስጡ ይበዛል፣ የተመረገውን እየበላ ያፈርሰዋል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት የምስጡን አፍ ይለጉማል። አዲስ ጭድ አያመጣም፣ ያለውን ግን አያስበላም። መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ1962 ያገኙት ኡታኮ ኦካሞቶ የምትባል ጃፓናዊት ሐኪምና ባሏ ሾሱኬ ናቸው። ልጇን በጀርባዋ አዝላ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራ ነበር። ከመጀመሪያው ሐሳቧ ለወላዶች ደም መፍሰስ ነበር፣ የማህፀን ሐኪሞች ግን እንዲሞክሩት ማሳመን አልቻለችም። በመጨረሻ በ21 አገሮች ከ20,000 በላይ ሴቶች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ መድኃኒቱ በደም መፍሰስ የሚሞቱትን እንደሚቀንስ ታየ፣ በተለይ በ3 ሰዓት ውስጥ ለተሰጣቸው፣ በሲሶ ገደማ። ኡታኮ ይህን አላየችም። እ.ኤ.አ. በ2016 በ98 ዓመቷ አርፋለች።

መጠኑ 1 ግራም ነው፣ በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ። ደሙ ከ30 ደቂቃ በኋላም ካልቆመ፣ ወይም ቆሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ፣ አንዴ ይደገማል። እያንዳንዱ 15 ደቂቃ መዘግየት ጥቅሙን በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ከ3 ሰዓት በኋላ አይጠቅምም። ይህንን ቁጥር ከመንገዳችን ጋር አስቡት። ከገጠር ጤና ጣቢያ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ወይም ከአወዳይ አካባቢ ሐረር ሕይወት ፋና ለመድረስ የሚሄደው ሰዓት ከነዚያ 3 ሰዓታት ውስጥ ነው የሚቀነሰው። መርፌው አምቡላንስ ከመነሳቱ በፊት ቢወጋ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። መርጋት የሚባለው ሥራ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይንቀራፈፋል። በድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ የሚያስበው ማነው? እኛ እንደውም ማራገቢያ ነው የምናቀርብ። ደም የፈሰሳት ሴት ግን ትቀዘቅዛለች። ከፍሪጅ የወጣ ደምና ፈሳሽ ሲገባባት ይብሳል። ስለዚህ ትሸፈን። አስታማሚ በእጁ ከሚያደርጋቸው ጥቂት ጠቃሚ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ደም ሰጥተን እያለ ፕላዝማ ለምን ይጠየቃል?

ወደ አጎቴ ጥያቄ ደረስን። ደም ባንክ የሰጠነውን 450 ሚሊ ሊትር ደም ብዙ ጊዜ ይለያየዋል። ቀዩ ሕዋስ ለብቻ፣ ቢጫው ውሃ ለብቻ፣ ፕሌትሌቱም ለብቻ። ቢጫው ውሃ ነው ፕላዝማ የሚባለው። ፋይብሪኖጅኑም ፋክተሮቹም ያሉት እሱ ውስጥ ነው። ቀዩ ሕዋስ ኦክስጅን ይሸከማል፣ ለማርጋት ግን ብቻውን አይበቃም። ለጭቃ ቤቱ ሠራተኛ አመጣን፣ ጭድ ግን አልመጣም እንደማለት ነው።

የሚለያየው ለምንድነው? አቀማመጣቸው ስለማይስማማ ነው። ቀይ ሕዋስ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ላይ ከ35 እስከ 42 ቀን ይቆያል። ፕላዝማ እንደ በረዶ ደርቆ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያ በታች፣ እስከ አንድ ዓመት። ፕሌትሌት ደግሞ ቅዝቃዜ አይወድም፣ በክፍል ሙቀት እየተናወጠ 5 ቀን ብቻ። ፕላዝማው ሲፈለግ ለብ ባለ ውሃ ይሟሟል፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። «ለምን አይፈጥኑም?» የሚባልበት ሰዓት አንዳንዴ ይህ ነው። ከፕላዝማ የሚወጣ፣ ፋይብሪኖጅኑ የተጠራቀመበት «ክራዮ» የሚባልም አለ። ሲገኝ ወርቅ ነው፣ በየቦታው ግን አይገኝም። ተለይቶ ካልተገኘ ያልተለየ ሙሉ ደም ይሰጣታል፣ በተለይ ትኩስ ከሆነ ሁሉም በውስጡ አለ።

ዘመድ «ክንዴ ይኸው፣ አሁኑኑ ቅዱና ስጧት» ሲል ሰምቼ አውቃለሁ። አንጀት ይበላል። ግን የተሰጠው ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ መመርመር አለበት። የሌሊቱን ሰው የሚያድነው ከሳምንት በፊት ቀን በሰላም የተሰጠው ደም ነው። 18 ዓመት የሞላው፣ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል።

አንድ የሚገርም ነገር። ለቀይ ሕዋስ የሁሉ ሰጪ ኦ ነው፣ ይህንን ሁሉም ያውቃል። ለፕላዝማ ግን ይገለበጣል፣ የሁሉ ሰጪ ኤቢ ነው። «የኔ ደም ለማንም አይሆንም» እያለ የሚያዝን ኤቢ የሆነ ጓደኛ ካላችሁ ንገሩት።

ቤት ውስጥ ያለ ሰው ምን ይይ?

ከወሊድ በፊት፦ ፋታ የማይሰጥ የሆድ ሕመምና የደረቀ ሆድ፣ ማንኛውም ደም፣ የጽንሱ መንቀሳቀስ መቆም፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ማጭበርበር፣ ከጡት በታች ያለ የሆድ ሕመም። እነዚህ ለነገ አይባሉም።

ከወሊድ በኋላ፦ 500 ሚሊ ሊትር ከፈሰሰ ብዙ ነው ይባላል፣ 1 ሊትር ከባድ ነው። ችግሩ ደም ጨርቅና አንሶላ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ይመስላል። ባለሙያዎችም በዓይን ሲገምቱ አሳንሰው ነው የሚገምቱት። አሁን አሁን መስመር ያለበት የላስቲክ መሰብሰቢያ ከስሯ ማንጠፍ የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። በ4 የአፍሪካ አገሮች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት፣ ደሙን እንዲህ ለክቶ ሕክምናዎቹን ተራ ሳይጠብቁ ባንዴ መስጠት ከባድ የደም መፍሰስን ጉዳት በ60 በመቶ ቀንሷል። ቤት ውስጥ መለኪያ የለንም። ሞዴስ ወይም ጨርቅ ቶሎ ቶሎ እየራሰ የሚቀየር ከሆነ፣ ከቀዘቀዛት፣ ካላባት፣ ከተቅበጠበጠች፣ መንገድ ይጀመር። «መጥፎ ደም ነው፣ ይውጣላት» የሚሉ ትልልቅ እናቶች አሉ። ጥቂት ደም ለሳምንታት መውጣቱ እውነት ነው፣ የተለመደ ነው። የሚጎርፍ ደም ግን ጥሩም መጥፎም የለው፣ የራሷ ደም ነው።

በእርግዝና ክትትል ጊዜ የሚሰጠው የአይረን ክኒንም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ደም ማነስ ያለባት ሴት ሌላዋ የምትቋቋመውን አትቋቋምም።

ትናንት አልረጋ ያለ ደም ዛሬ ማቅጠኛ ለምን ይፈልጋል?

በሦስተኛው ቀን አጎቴ እንደገና ደወለ። አሁን ተቆጥቷል። «ደሟ እንዲረጋ ስንለምን ከርመን፣ ዛሬ እንዳይረጋ መርፌ ወጓት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም መፍሰሱ ከቆመ በኋላ ጉበት ያለቀውን እንደገና ይሠራል፣ አንዳንዴም አስበልጦ ይሠራል። ወላድ ሴት እስከ 6 ሳምንት ድረስ እግሯ ወይም ሳንባዋ ውስጥ ደም የመርጋት አደጋዋ ከፍ ያለ ነው። ብዙ ደም የፈሰሳት፣ በኦፕራሲዮን የወለደች፣ የተኛች ሴት ደግሞ ይበልጥ። መርፌው ሄፓሪን ወይም ዘመዱ ነው፣ ሐኪሙም መስጠት የሚጀምረው መድማቱ መቆሙን አረጋግጦ ነው። አራስ 40 ቀን ከአልጋ አትነሳም የሚባለው ባህል እዚህ ላይ ይጋጫል። ገንፎውም እንክብካቤውም ይቀጥል፣ ግን ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል። አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ያው ወደ ሆስፒታል ነው።

የቀረው ነገር ወረቀት ነው። ስትወጣ የሚሰጣት ወረቀት ላይ ምን እንደደረሰባት፣ ስንት ደምና ፕላዝማ እንደገባላት ይጻፋል። በተለይ እንግዴ ልጅ የተላቀቀባት ሴት በሚቀጥለው እርግዝና የመደገም ዕድሏ ከሌላው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ክትትል ስትጀምር መጀመሪያ ማሳየት ያለባት ይህንን ነው፣ መውለድም ያለባት ደምና ኦፕራሲዮን ክፍል ባለበት ነው። አጎቴ ወረቀቱን ላሚኔት አስደርጎ ከቤቱ ካርታ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ቁልፉ የት እንደሆነ ምራቱም ታውቃለች፣ ጠይቄያታለሁ።